ሁለተኛው ፊርማ

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው እትዬ ዊላ ሃግስትሮም እዚህ ውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራ የጀመሩ ዕለት እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። እናቴ ራሷ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። ስለዚህ የዛሬ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሆነውን የምነግራችሁ ከጣቢያው መዝገብ ላይ ገልብጬ ነው፤ መዝገብ ደግሞ እንደ ፓምፕ ጠጋኛችን እንደ ኦዴል አይዋሽም። በእትዬ ዊላ እጅ የተጻፈው የመጀመሪያው ነገር ይኸውላችሁ፦ «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፦ ሥራ ጀመርኩ። ፓምፕ ጠጋኙን ሁለተኛው ፓምፕ ሥር ተኝቶ አገኘሁት። አንድ ሰዓት ከአምስት፦ ቀሰቀስኩት። አንድ ሰዓት ከስድስት፦ ተመልሶ ተኛ።»

ኦዴል ፕሩዊት፣ አፍህን አትክፈት። ምን እንደምትል አውቃለሁ። «አልተኛሁም፣ ፓምፑን እያዳመጥኩ ነበር» ነው የምትለው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልከው እሱን ነው። ፓምፕ የሚያዳምጥ ሰው ግን አያንኮራፋም። ማንኮራፋቱም መዝገቡ ላይ አለ፤ ገጹን ከፈለግክ እነግርሃለሁ።

ወደ ሐሜቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላሳውቃችሁ። ንግግሬ መንገዱን ከሳተ የመለያየቱ ሐዘን አይምሰላችሁ። ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የስታትስቲክስ ፈተና አለብኝ። ለመጀመሪያ ዲግሪዬ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ካለፍኩ የእትዬ ዊላ ወንበር የኔ ነው። ከወደቅኩ ትምህርቱ ተመልሶ የሚሰጠው የዛሬ ዓመት ስለሆነ የከተማው ምክር ቤት አይጠብቀኝም፤ ከውጭ ሰው ያመጣል። ያ ሰው ደግሞ ይህን ወንዝ አያውቀውም። መውደቁን እፈራለሁ። ማለፉንም እፈራለሁ፤ እንዲያውም ይብሳል። ከሰኞ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለውን የወይዘሮ ፕሩዊት የድንች ሰላጣ ያልነካሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም፣ እምላለሁ።

በሉ፣ ወደ እትዬ ዊላ።

እዚህ ሰው «እንደምን አደርክ» ሲል እትዬ ዊላ «ስንት ነው?» ነው የሚሉት። ውኃው ውስጥ ያለው ክሎሪን ማለታቸው ነው። ለዓመት በዓልም «ስንት ነው?»፣ ለልደትም «ስንት ነው?» ነው። የኦዴል ልጅ የተዳረች ቀን፣ ሙሽራይቱ በአባቷ ክንድ ተደግፋ ስትገባ፣ እትዬ ዊላ ከሦስተኛው ረድፍ አንገታቸውን አስግገው ኦዴልን «ስንት ነው?» አሉት። ያ ሞኝ ደግሞ ልጁን እየዳረ፣ እንባው እየወረደ፣ «ዜሮ ነጥብ ስምንት» ብሎ መለሰ። ቄሱ የሙሽራይቱ ዕድሜ መስሏቸው ደነገጡ።

ምሳቸውን ታውቁታላችሁ። የዓሣ ሳንድዊች፣ አንድ ፖም፤ በዓመት ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን። የፖም አገር ሰው ሆነው ፖም ያልሰለቻቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ቧንቧ ሲያዳምጡም አይታችኋል፤ የብሎን መፍቻውን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልክ ሐኪም የሕፃን ደረት እንደሚያዳምጥ። አንድ ቀን ቀስ ብዬ ከኋላ መጥቼ በቧንቧው ሌላ ጫፍ በኩል «እትዬ ዊላ፣ ራበኝ!» ብዬ በቀጭን ድምፅ ጮህኩ። አልደነገጡም። ዓይናቸውን ሳይከፍቱ «ይህ ቧንቧ ሥራ ይፈታል፤ ልናባርረው ነው» አሉ።

የእንቁራሪቷንም ልንገራችሁ። የላስቲክ እንቁራሪት ገዝቼ የጠዋቱ ናሙና ጠርሙስ አጠገብ አስቀመጥኩ። ውኃው ውስጥ አልጨመርኩም፤ በውኃ አልቀልድም፤ ያን ያህል እብድ አይደለሁም። አጠገቡ ብቻ። ከበሩ ኋላ ተደብቄ ጩኸት ጠበቅኩ። ዝም። ስወጣ መዝገቡ ላይ ይህ ተጽፎ አገኘሁ፦ «ሁለት ሰዓት ከሩብ፦ በናሙና ጠረጴዛው ላይ እንቁራሪት ተገኝቷል። ሕይወት የለውም። ባለቤቱ ቴዮ ባሪየንቶስ ነው፤ እሱም ሲሠራ አልተገኘም። ማጣሪያው በደህና እየሠራ ነው።» ሥሩ ፊርማ። ከፊርማው ጎን ደግሞ የኦዴል ፊርማ! አይቶ፣ አረጋግጦ፣ ፈርሟል!

ከጣቢያው ውጭ ለመጣችሁ እንግዶች ይህን ፊርማ ላስረዳችሁ፤ ያለሱ ወሬው አይገባችሁም። እዚህ ቤት ማንም ሰው ብቻውን ቁጥር አያወጣም። ወደ ውኃው የሚገባውን ክሎሪን አንዱ ያሰላል፣ ይፈርማል፤ ወረቀቱን ገፋ ያደርግለትና ሌላው ደግሞ ከሀ ጀምሮ ያሰላዋል። ስህተት ካገኘ በአንድ መስመር ይሰርዛል፣ ትክክሉን ይጽፋል፣ ስሙንና ሰዓቱን ያኖራል። በላጲስ ማጥፋት የለም። ሁለተኛው ፊርማ ከሌለ ቧንቧው አይከፈትም። አንዲት ነጥብ ቦታዋን ከሳተች የምትደርሰው ሆስፒታል ነው፣ መዋለ ሕፃናት ነው፣ የናንተ ጀበና ነው። እትዬ ዊላ ይህን የነገሩኝ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ቀን ነበር። «ትፈራለህ?» አሉኝ። ወጣት ነኝ፣ ጀግና ነኝ፣ «ኧረ በፍጹም!» አልኩ። «እንግዲያው እስክትፈራ ድረስ ብዕር አትነካም» አሉኝ። አራት ወር ወለል አስጠረጉኝ።

የኮሌጁ ነገር የመጣው በኔ ተንኮል ነው፤ ዛሬ በአደባባይ እናዘዛለሁ።

ከወንዙ ማዶ ያለችውን ኮሌጃችንን የማያውቅ የለም። ግማሻችሁ ተምራችሁባታል። ሁለት ዓመት ተቀምጠህ፣ ብየዳም ይሁን ነርስነት፣ ወረቀትህን ይዘህ የምትወጣባት ነች። ሙሉ ዲግሪ የፈለገ ተራራውን ተሻግሮ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ ሥራ ያለው፣ ልጅ ያለው፣ ላም ያለው ደግሞ ይቀራል። የዛሬ ሦስት ዓመት ታዲያ ኮሌጇ በውኃ ሥራ አመራር ሙሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ልትሰጥ መሆኑን አሳወቀች። ቅዳሜ ጠዋትና ከሥራ መልስ፤ የሥራ ልምዱ እንደ ትምህርት ተቆጥሮለት በሁለት ዓመት ለሚጨርስ፣ እንደኛ ላለው ሰው። ማስታወቂያው ምሳ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ምክር ቤቱም ወዲያው «ከእንግዲህ የጣቢያው ኃላፊ የሚሆን ሰው ዲግሪ ይኑረው» ብሎ ወሰነ። እትዬ ዊላን አይመለከትም፤ የቆየ ሰው አይነካም ተብሏል።

እኔ ምን አደረግኩ? በእትዬ ዊላ ስም የማመልከቻውን ቅጽ ሞላሁ። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር። «የትምህርት ዓላማዎ» የሚለው ቦታ ላይ «ኦዴል ፕሩዊትን በሳይንሳዊ መንገድ ለመቀስቀስ» ብዬ ጻፍኩ። ላክሁት። ሳቅኩ። ረሳሁት።

በሁለት ሳምንቱ «እንኳን ደስ ያለዎት» የሚል ደብዳቤ መጣ።

እትዬ ዊላ ቆመው አነበቡት። ሁለቴ። እኔ ደግሞ እንደልማዴ ከበሩ ኋላ ነኝ።

«ቴዮ።»

«አቤት።»

«ይህን የሞላኸው አንተ ነህ?»

«እኔ? እኔ ስሜን እንኳ በቅጡ የማልጽፍ ሰው…»

«የልደት ቀኔን አልሳትክም። ጥሩ ነው። አሁን ደግሞ የራስህን ሙላ።»

«እትዬ ዊላ፣ ቀልድ እኮ ነው!»

«ስቄያለሁ?»

አልሳቁም ነበር።

«ሁለተኛ ደረጃን እንዴት እንደጨረስኩ ያውቃሉ» አልኳቸው። «መምህሮቼ ስለሰለቸኋቸው ነው ያሳለፉኝ!»

«አንተን ማን ይሰለቻል፣ አንተ ከይሲ። ተቀመጥ። ቅጹን አንተ ሙላ፣ እኔ አይልሃለሁ።»

ሞላሁ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ መስመር በመስመር አይተው፣ ሁለት ቦታ ሰርዘው፣ ሰዓቱን ጽፈው፣ ፈረሙ።

መጀመሪያ የተማርን ቀን ከፈረቃ ቀጥታ ነው የሄድነው። እትዬ ዊላ እስከ ጉልበታቸው የላስቲክ ቦት፣ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ፣ ወገባቸው ላይ ትልቅ የቧንቧ መፍቻ። መምህርት ታልማጅ (እዚያ ተቀምጠዋል፣ እጅዎን ያውጡ መምህርት፣ እናመሰግናለን) ቀና ብለው አዩአቸውና በደስታ «እሰይ፣ መጡ! የሚያንጠባጥበው ከኋላ ነው» አሏቸው። እትዬ ዊላም ወደ ኋላ ሄዱ፣ የእጅ መታጠቢያው ሥር ተኙ፣ በአምስት ደቂቃ ጠገኑት፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ መጥተው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ካጠናቀቁ መሄድ ይችላሉ» አሏቸው መምህርት።

«ገና አልጀመርኩም» አሉ እትዬ ዊላ፣ ደብተር እያወጡ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ጎናቸው ስለነበርኩ አንድ ነገር አየሁ። ከጠረጴዛው ሥር፣ የቧንቧ መፍቻቸውን በግራ እጃቸው ጨብጠው ይዘውት ነበር። ወንዙ ሞልቶ ግድቡን ሲገፋ እንኳ መፍቻ እንዲያ ጨብጠው አላየሁም። መኪና ውስጥ ስንገባ «እትዬ ዊላ፣ ፈርተው ነበር እንዴ?» አልኩ። «ዝም ብለህ ንዳ» አሉኝ። ዝም ብዬ ነዳሁ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ «ሁሉም የልጅ ልጆቼ እኩዮች ናቸው። አላዋቂ መሆኔን ቢያዩስ?» አሉ። እኔም ላሾፍበት ያሰብኩትን ትቼ መንዳቴን ቀጠልኩ።

ሁለት ዓመት እንዲያ ሄድን። እሳቸው በፍርሃት ያጠናሉ፣ እኔ በፍርሃት እቀልዳለሁ። የመጨረሻዋ ትምህርት ስታትስቲክስ ነበረች። እሷን ካለፍን ሁለታችንም ጨረስን።

አሁን በደንብ ስሙኝ፤ ከተማው ውስጥ አሥር ዓይነት ወሬ ተወርቷልና ትክክለኛው ይህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ፀጥታ። መምህርት ታልማጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያዩናል። አራተኛው ጥያቄ ከውኃ ናሙና ላይ የተወሰደ ነበር፤ ከጠርሙሶቹ ስንት እጁ ብክለት ሊኖርበት እንደሚችል። እትዬ ዊላ አሰሉ። ጨረሱ። ከመልሱ ሥር ስማቸውን ፈረሙ። ከዚያ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ ወረቀቱን ገፋ አድርገው ወደ እኔ አሳለፉት።

እኔስ? እኔ ምን አደረግኩ? የራሴን አቁሜ የሳቸውን ተቀበልኩ። ከሀ ጀምሬ አሰላሁ። ዜሮ ነጥብ አራት አንድ ይላል፤ መሆን ያለበት ዜሮ ነጥብ ዜሮ አራት አንድ ነው። በአንድ መስመር ሰረዝኩ። ትክክሉን ጻፍኩ። «ቴ.ባ.» ብዬ ፈረምኩ። ሰዓቱንም አኖርኩ፤ አራት ሰዓት ከአርባ። መልሼ ገፋሁላቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ አምስተኛው ጥያቄ አለፉ።

መምህርት ታልማጅ ከወንበራቸው ሲነሱ ነው እኛ የት እንዳለን የገባን። የእትዬ ዊላን ፊት አልረሳውም። ቀስ ብለው ብዕሩን አስቀመጡ። «ወይኔ፣ ቴዮ» አሉ።  ደሙ ከፊታቸው ሲወርድ አየሁት፤ ልክ የማጣሪያው ገንዳ ሲደርቅ ውኃው እንደሚወርደው።

ማጭበርበር። በጽሑፍ የመጣልን ቃል ይህ ነው። ኮሚቴ ፊት እንድንቀርብ፣ ጥፋተኛ ከሆንን ሁለታችንም ከኮሌጁ እንድንሰናበት። ሦስት ሳምንት ጠበቅን። ያን ሦስት ሳምንት እዚህ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። እትዬ ዊላ «ስንት ነው?» ማለት አቆሙ። ሳንድዊቹ ግማሹ ሳይበላ ይጣል ጀመር። እኔም እንቁራሪቴን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። አንድ ቀን ኦዴል ለሳቅ ያህል ሆን ብሎ ፓምፑ ሥር ተኛ፤ ማንም የቀሰቀሰው የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደተኛ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ራሱ ተነስቶ «ምነው፣ ሞታችኋል እንዴ?» አለን።

አንድ ከሰዓት ላይ እትዬ ዊላን መኪናቸው ውስጥ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ሞተሩ አልተነሳም። «ስሜ» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት ስሜን ቁጥር ሥር አኖርኩ። ሰው ያንን ስም አይቶ ውኃ ጠጣ። አሁን አጭበርባሪ ሲባል፣ ቀድሞ የፈረምኩትን ሁሉ ምን ይሉታል?»  በሩን ዘግቼ ቆምኩ።

የኮሚቴው ቀን ሦስት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጡ። ዲኑ መሀል ናቸው። የፈተናው ወረቀት ፊታቸው ነው።

«ወይዘሮ ሃግስትሮም፣ ወረቀትዎን ለአቶ ባሪየንቶስ ለምን ሰጧቸው?»

«እንዲያይልኝ።»

«ፈተና ነበር እኮ።»

«ቁጥር ነበር።»

«በፈተና ላይ መተያየት ክልክል መሆኑን አያውቁም ነበር?»

«እኔ አውቅ ነበር። እጄ አያውቅም ነበር።»

ዲኑ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ?»

«ስህተት አየሁ፣ አረምኩ፣ ፈረምኩ። ሰዓቱንም ጽፌያለሁ።»

«ሰዓቱን አይተነዋል።»

«ታዲያ ጌታዬ፣ የሚያጭበረብር ሰው ስሙን ይፈርማል?»

አንዷ የኮሚቴ አባል ሳቋን ዋጠች። ዲኑም ወረቀቱን እንደገና አዩት። እዚያ ላይ አፌን ብዘጋ ኖሮ ዛሬ ባለዲግሪ ነበርኩ። ግን ፈርቼ ነበር፤ ስፈራ ደግሞ አፌ የኔ አይደለም። ተመካክረው ሲያበቁ ዲኑ ውሳኔውን ጽፈው ፈረሙ። እኔ አንገቴን አስግጌ፣ «አንድ ፊርማ ብቻ ነው ያለው። ማን አየልዎት?» አልኩ።

የእትዬ ዊላ ቦት ከጠረጴዛው ሥር ቅልጥሜን አገኘው። ምልክቱ አሁንም አለ፤ ከኬኩ በኋላ ማየት የሚፈልግ አሳየዋለሁ።

ውሳኔው ተቀዶ እንደገና ተጻፈ። እትዬ ዊላ አዲስ ፈተና ብቻቸውን ክፍል ውስጥ እንዲወስዱ። ቴዮ ባሪየንቶስ ደግሞ፣ በስህተቱ ብቻ ሳይሆን በምላሱም፣ ትምህርቱን ከመጀመሪያው እንዲደግም፤ ማለት ዓመት እንዲጠብቅ። ደብዳቤው ቤታችን ሲደርስ ግን ግርጌው ላይ ሁለት ፊርማ ነበረበት። ዲኑ ዛሬ ቢመጡ ይህን እጠይቃቸው ነበር፤ አልመጡም።

እትዬ ዊላ ሲፈተኑ እኔ ውጭ፣ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል። በትንሿ መስኮት አየኋቸው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። አንዴ ወረቀቱን በቀኝ እጃቸው ገፋ ሲያደርጉት አየሁ፤ ጎናቸው ማንም የለም። ወረቀቱ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደርሶ ቆመ። ቆይተው መልሰው ጎተቱት። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሲወጡ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል።

«እንዴት ነበር?»

«ጨረስኩ። ማንም ግን አላየልኝም» አሉ፤ እንደጠፋ ልጅ።

ውጤቱ ሰባ አራት መጣ። አለፉ። ከዚያ በኋላ መምህርት ታልማጅ ጠርተውኝ ያንን ወረቀት አሳዩኝ። ከእያንዳንዱ መልስ ሥር እትዬ ዊላ ሁለት አጫጭር መስመሮች አስምረዋል። አንደኛው ላይ ስማቸው አለ። ሁለተኛው ባዶ ነው። አሥራ ሁለት ጥያቄ፣ አሥራ ሁለት ባዶ መስመር። መምህርት «ይህን ምን ብዬ ላርመው?» አሉኝ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። አይካዱ መምህርት፣ አሁንም ቀልቷል።

ባለፈው ሰኔ እትዬ ዊላ በስልሳ አምስት ዓመታቸው፣ ከጥቁሩ ካባ ሥር የላስቲክ ቦታቸውን አድርገው፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። እኔ ተመልካች መቀመጫ ላይ ሆኜ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮህኩ።

ዲግሪ ይዞ በዓመቱ ጡረታ የሚወጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁላችሁም «ለምን?» ብላችሁ ጠይቃችኋቸዋል። «ደከመኝ» ብለው መልሰውላችኋል። ውሸት ነው። መጋቢት ላይ ለኔ የነገሩኝን ልናገር፤ ይቆጡኝ፣ ከዛሬ ወዲያ አለቃዬ አይደሉም።

በረዶው ቀልጦ ወንዙ እንደ ቸኮሌት የመጣ ጊዜ ነው። ማጣሪያው ላይ ቆመን ነበር።

«ባለፈው ረቡዕ ቁጥሩን ጻፍኩ» አሉኝ። «ምንም ፍርሃት አልተሰማኝም።»

«ጥሩ አይደለም እንዴ?»

«አንተ ልጅ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እፈራ ነበር። ያች የጎረቤቴ የሚሊ ጨቅላ ልጅ፣ እነዚያ መጦሪያ ቤት ያሉ ሽማግሌዎች፣ አንድ በአንድ ፊቴ ይመጡ ነበር። ረቡዕ ማንም አልመጣም። እንደ ገበያ ዝርዝር ነው የጻፍኩት።»

«ቁጥሩ ተሳስቶ ነበር?»

«ልክ ነበር። ያስፈራኝ እሱ ነው። ያልፈራ ሰው እዚህ ወንበር ላይ አይቀመጥም፣ ቴዮ። እኔም ብሆን።»

በማግስቱ የጡረታ ደብዳቤያቸውን አስገቡ።

እትዬ ዊላ፣ አሁን ወደርስዎ ልዙር። አያጎንብሱ፤ ወለሉን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም፣ ምንም የሚታይ ነገር የለውም።

ብዙ ሰው ፍርሃቱን ደብቆ አለቃ ይሆናል። እርስዎ ፍርሃትዎን መዝገብ ላይ ጽፈው፣ ሰዓቱን አኑረው፣ ለኔ ገፋ አድርገው ሰጡኝ። በስልሳ ሦስት ዓመትዎ፣ ዲግሪው ለርስዎ ምንም የማይጨምር ሆኖ ሳለ፣ እየፈሩ ክፍል የገቡት ለምን እንደሆነ ለመረዳት ዓመት ፈጀብኝ። ብቻዬን አልሄድም ነበር። ያውቁ ነበር። ማመልከቻውን በስምዎ የሞላሁት ለቀልድ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው መማር ፈልጌ፣ ፈርቼ፣ እርስዎን ከፊቴ ማስቀደሜ ነበር። እርስዎ ይህን ደብዳቤውን ሲያነቡ አይተውታል። ሳይስቁ የቀሩት ለዚያ ነው። ስለዚህ አመሰግናለሁ። ስለ ቅልጥሜም አመሰግናለሁ። የአራት ወሩን ወለል ግን ገና ይቅር አላልኩም።

ማክሰኞ እኔ ደግሞ፣ ብቻህን ተፈተን ስለተባልኩ፣ እዚያች አንድ ወንበር ያላት ክፍል ውስጥ እገባለሁ። ዓምና ከመስኮቱ ውጭ ነበርኩ፤ ዘንድሮ ውስጥ ነኝ፤ ውጭ ማንም እንዳይቀመጥ ደግሞ ኮሌጁ ከልክሏል፣ በኔ ምክንያት። እርስዎም ያኔ ከእህትዎ ጋር ለመኖር ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄደዋል። ውጤቱ ረቡዕ ይወጣል፤ ባልፍ፣ ሐሙስ ጠዋት በኃላፊነት ብዕሩን አነሳለሁ። ውኃችንን የሚጠጣው አሥራ አራት ሺህ ሰው ነው። ስሙን የማውቀውን ብቻ ስቆጥር ሌሊቱ ይነጋል፤ ሞክሬዋለሁ።

በሉ፣ ኩባያችሁን አንሱ። የወረቀት ነው፣ የፖም ጭማቂ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ምክር ቤቱ አልፈቀደም። ኦዴል፣ ተነሳ። ቆመህም ይጠጣል።

እትዬ ዊላ፣ በእህትዎ ቤት ጠዋት ሲነሱ፣ ቧንቧውን ከፍተው፣ ብርጭቆውን ሞልተው ሲጠጡ፣ ውኃ ውኃ ብቻ ይሁንልዎት። ቁጥር አይታይዎት፣ ሰው አይታይዎት። ይጣምዎት፣ ያርካዎት። ጉልበትዎ ይጽና፣ እንቅልፍዎ ይርዘም፣ ፖሙም እስከመጨረሻው አይሰልችዎት።

እናንተ ደግሞ፣ ከጠዋት ጀምሮ ጀርባዬን እየመታችሁ «አይዞህ፣ አትፍራ» የምትሉኝ ሁሉ፣ ስለ እግዚአብሔር ተዉኝ። ማክሰኞን ልፍራበት። ሐሙስንም ልፍራበት። አንድ ቀን መጥቼ «ዛሬ ምንም አልተሰማኝም» ካልኳችሁ፣ ያን ቀን ወንበሩን ንጠቁኝ፤ እስከዚያ ግን የምትጠጡት ውኃ በፈራ ሰው እጅ ያለፈ ነው፣ ተረጋግታችሁ ጠጡ።

ለጤናዎ፣ እትዬ ዊላ!